አውሳብዮስ ዘቂሣርያና ዐሥሩ ሠንጠረዦቹ

በአድዋ አቅራቢያ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ተጠብቀው የኖሩት የግዕዝ ወንጌሎች በዓለም ላይ ከተረፉት ሥዕል ያላቸው የክርስቲያን መጻሕፍት መካከል እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት ይመደባሉ። ብራናቸው በራዲዮ ካርቦን ተመርምሮ ዕድሜው በ4ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት መካከል የሚያርፍ መሆኑ ታውቋል። እነዚህን መጻሕፍት የሚገልጥ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው የማቴዎስን ወንጌል አይደለም። በአዕማድና በቅስት በተከበቡ፣ በአዕዋፍና በሐረግ በተጌጡ ገጾች ላይ ረድፍ ይዘው የተጻፉ የግዕዝ አኃዞችን ያገኛል። ሥዕሉ ያማረ በመሆኑ የብዙ ተመልካች ዓይን የሚያርፈው በአዕማዱና በወፎቹ ላይ ነው፤ ቁጥሮቹ ግን እንደ ጌጥ ታይተው ይታለፋሉ።

ይሁን እንጂ ቁጥሮቹ ጌጥ አይደሉም። አንዱን ጽሑፍ ከሌላው ጽሑፍ ጋር የሚያገናኙ፣ አንባቢውን ካለበት ገጽ አንሥተው ወደሚፈልገው ገጽ የሚያደርሱ መሣሪያዎች ናቸው። ዛሬ በኮምፒዩተር በተዘጋጀ ሰነድ ውስጥ ሊንክ የሚባለውና በማውስ ሲነኩት ሌላ ገጽ የሚከፍተው ነገር የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። ይህን ዘዴ አስቦ፣ ቁጥሩን ቀምሮ፣ አጠቃቀሙን በደብዳቤ አብራርቶ ለዓለም ያበረከተው ሰው የቂሣርያው ኤጲስ ቆጶስ አውሳብዮስ ነው። ስሙ በታሪክ ጸሐፊነቱ የታወቀ ሲሆን፣ በዘመኑ የሃይማኖት ክርክር ውስጥ በያዘው አቋምም ሲያነጋግር ኖሯል። ስለ መሐንዲስነቱ ግን የተነገረው ጥቂት ነው። መሐንዲስ መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የገጠመው ችግር የቅንብር ችግር ነበር፣ መፍትሔውም የቅንብር መፍትሔ ነው።

ልደቱና ትምህርቱ

አውሳብዮስ የተወለደው ከ260 እስከ 265 ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በፍልስጥኤም ምድር፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር በምትገኘው በቂሣርያ ከተማ ነው። ቂሣርያ ታላቁ ሄሮድስ ያሠራት፣ ስሟንም ከአውግስጦስ ቄሣር ያገኘች የወደብ ከተማ ነበረች። በአውሳብዮስ ዘመን የሮማ አገረ ገዥ መቀመጫ ስትሆን፣ ግሪኮች፣ አይሁድ፣ ሳምራውያንና ክርስቲያኖች ጎን ለጎን ይኖሩባት ነበር።

ከተማይቱ በትምህርት ስሟ የገነነው በኦሪጎን ምክንያት ነው። በግዕዝ መጻሕፍት አርጌንስ የሚባለው ይህ ሊቅ ከእስክንድርያ ወጥቶ ከ230ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በቂሣርያ አስተማረ። በዚያም ካከናወናቸው ሥራዎች ዋነኛው ሄክሳፕላ የተባለው መጽሐፍ ነው። በዚህ ሥራ ኦሪጎን የብሉይ ኪዳንን ዕብራይስጥ ንባብ፣ ያንኑ ንባብ በግሪክ ፊደል የተጻፈበትን፣ ከዚያም አራት የግሪክኛ ትርጉሞችን በስድስት ዐምዶች ጎን ለጎን አሰለፋቸው። አንባቢው ዓይኑን ከግራ ወደ ቀኝ በማንቀሳቀስ ብቻ አንዱን ንባብ ከሌላው ጋር ማስተያየት ቻለ። ንባብን ከንባብ ጋር በዐምድ ማስተያየት የቂሣርያ ትምህርት ቤት ጠባይ ሆኖ የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ኦሪጎን ካረፈ በኋላ መጻሕፍቱን ከመበተን ያዳናቸው ጳምፊሎስ ነው። ጳምፊሎስ የቤሩት ተወላጅና ባለጸጋ ሲሆን በእስክንድርያ ተምሮ በቂሣርያ ቅስና ተቀበለ። ሀብቱን ለድሆችና ለመጻሕፍት አዋለው፤ የኦሪጎንን ድርሳናት እያስፈለገ አሰባሰበ፤ ቅዱሳት መጻሕፍትንም እያስገለበጠ ማንበብ ለሚሹ ሁሉ ይሰጥ ነበር። አውሳብዮስ በዚህ ሰው እጅ ሠለጠነ። የተማረው ንግግርንና ትርጓሜን ብቻ አልነበረም። ሁለት ቅጂዎችን አስተያይቶ ማረምን፣ የጸሐፊን ስሕተት መለየትን፣ በትልቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተፈለገውን ነገር ፈጥኖ ማግኘትን ተማረ። ለመምህሩ ከነበረው ፍቅር የተነሣ አውሳብዮስ ዘጳምፊሎስ ተብሎ እስከ መጠራት ደረሰ።

በስደት ዘመን

በ303 ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ በክርስቲያኖች ላይ ስደት አወጀ። አዋጁ አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱና ቅዱሳት መጻሕፍት በእሳት እንዲቃጠሉ ያዝዝ ነበር። ለቂሣርያ ሰዎች ይህ ትእዛዝ ድርብ መከራ ነበረ፤ ሰውም መጽሐፍም በአንድነት ተፈረደባቸው። ጳምፊሎስ በ307 ተይዞ ታሰረ። ሁለት ዓመት ያህል በቆየበት ወህኒ ውስጥ ከአውሳብዮስ ጋር ሆኖ ስለ ኦሪጎን የመከላከያ መጽሐፍ በአምስት ክፍል ጻፈ። የመጻሕፍት እርማቱንም አላቋረጠም። በወህኒ ቤት ውስጥ አንጦኒኖስ የተባለ እስረኛ እያነበበ፣ ጳምፊሎስ እያረመ ያዘጋጁት ቅጂ እንደ ነበረ በኋለኛ የእጅ ጽሑፍ ላይ የተላለፈ ማስታወሻ ይመሰክራል። በ310 ጳምፊሎስ በሰማዕትነት አለፈ። አውሳብዮስ ለመከላከያው መጽሐፍ ስድስተኛውን ክፍል ጨመረለት፤ የመምህሩንም ገድል ጻፈ።

አውሳብዮስ ከስደቱ በሕይወት ተረፈ። መትረፉ ራሱ ግን ከዓመታት በኋላ መወቀሻ ሆነበት። በ335 በጢሮስ በተደረገው ጉባኤ ላይ በስደቱ ጊዜ አንድ ዓይኑን ያጣው ግብጻዊው ኤጲስ ቆጶስ ጶጣሞን ፊት ለፊት ተነሥቶበት፣ እርሱ ምንም ሳይጎድልበት ከወህኒ የወጣው እንዴት እንደ ሆነ በአደባባይ ጠየቀው። ለክሱ ማስረጃ አልቀረበበትም፤ ጥርጣሬው ግን ከስሙ ሳይለይ ቀረ። የመጻሕፍት ቃጠሎን ያየ፣ መምህሩን በሰይፍ ያጣ፣ በሕይወት መቆየቱም እንደ ጥፋት የተቆጠረበት ሰው ቀሪ ዘመኑን በሙሉ የተጻፈውን ነገር በማሰባሰብና በማያያዝ ማሳለፉ የሚያስገርም አይደለም።

የታሪክ ጸሐፊነቱ

አውሳብዮስ ከጻፋቸው መጻሕፍት ቀደም ብሎ ከሚጠቀሱት አንዱ የዘመን አቆጣጠር መጽሐፉ ነው። በዚህ መጽሐፍ የዕብራውያንን፣ የአሦራውያንን፣ የግብጻውያንን፣ የግሪኮችንና የሮማውያንን ነገሥታት ዘመን በዐምድ በዐምድ ደርድሮ፣ ከአብርሃም ጀምሮ በሚቆጠር አንድ የዓመት መስመር ላይ አቆማቸው። አንባቢው በአንድ ገጽ ላይ ሆኖ በአንዱ አገር አንድ ንጉሥ ሲነግሥ በሌላው አገር ምን ይደረግ እንደ ነበረ ያያል። የግሪክኛው መጽሐፍ ራሱ ጠፍቷል፤ የተረፈው ሄሮኒሞስ ወደ ላቲን በመለሰው ቅጂና በአርመን ቋንቋ ትርጉም ነው። እንደዚሁም በቅዱሳት መጻሕፍት የሚገኙትን የቦታ ስሞች በፊደል ተራ አሰልፎ፣ እያንዳንዱ ቦታ በእርሱ ዘመን የት እንደሚገኝ የሚያመለክት መጽሐፍ አዘጋጅቷል።

ስሙን ከሁሉ በላይ ያስጠራው ግን በዐሥር ክፍል የጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው። አውሳብዮስ በዚህ ሥራው ከቀደሙት ጸሐፊዎች የሚለየው ምንጮቹን ቃል በቃል እየጠቀሰ፣ ከየትኛው መጽሐፍ እንደ ወሰደም እየተናገረ በመጻፉ ነው። ዛሬ ከጠፉት ብዙ ጥንታውያን ድርሳናት ጥቂት አንቀጾች የተረፉት እርሱ ስለ ጠቀሳቸው ብቻ ነው። ለኢትዮጵያ ታሪክም ቢሆን መጽሐፉ የተዘዋዋሪ ባለውለታ ነው። ሩፊኖስ የተባለው ጸሐፊ በ5ኛው መቶ ዓመት መባቻ የአውሳብዮስን ታሪክ ወደ ላቲን ሲመልስ ሁለት ክፍሎች ጨመረበት። ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ በቀይ ባሕር ዳር ተማርከው ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የገቡበት፣ በኋላም ፍሬምናጦስ በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በአትናቴዎስ እጅ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ የተሾመበት ታሪክ የሚነበበው በእነዚህ ተጨማሪ ክፍሎች ውስጥ ነው።

ዐሥሩ ሠንጠረዦች

አራቱ ወንጌሎች ብዙ ታሪኮችን በጋራ ይናገራሉ። ሆኖም በአንድ ተራ አይናገሯቸውም። ጌታ ነጋዴዎችን ከቤተ መቅደስ ያስወጣበትን ታሪክ ማቴዎስ፣ ማርቆስና ሉቃስ በመጽሐፋቸው መጨረሻ ሲያስቀምጡት፣ ዮሐንስ ግን በመጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ ጽፎታል። አራቱን ምስክርነቶች ማስተያየት የሚፈልግ አንባቢ አራቱን መጻሕፍት በሙሉ በቃሉ መያዝ ነበረበት። በዚያን ዘመን ዛሬ የሚታወቀው የምዕራፍ ቁጥር አልነበረም፤ ምዕራፎቹ የተከፈሉት በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ቁጥሮቹም በታተመ ሐዲስ ኪዳን ላይ የወጡት በ1551 ነው። ስለዚህ አንድን ቦታ በአድራሻው መጥራት የሚቻልበት መንገድ አልነበረም።

ከአውሳብዮስ በፊት አሞንዮስ እስክንድራዊ ለዚህ ችግር አንድ መፍትሔ ሞክሮ ነበር። የማቴዎስን ወንጌል እንደ መሠረት ወስዶ፣ ከሌሎቹ ሦስት ወንጌሎች ተመሳሳዩን ክፍል እየቆረጠ በጎኑ አስቀመጠ። ሥራው ብዙ ድካም የጠየቀ ቢሆንም አንድ ጉድለት ነበረበት። ማቴዎስ ብቻ ሙሉ ሆኖ ሲነበብ የሦስቱ ተራ ፈረሰ፤ ማርቆስን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለማንበብ የሚሻ ሰው በዚያ መጽሐፍ ሊያነበው አልቻለም። አሞንዮስ ጽሑፎቹን ለማገናኘት ሲል ጽሑፎቹን ቆራረጣቸው።

አውሳብዮስ ለቀርጵያኖስ በጻፈው ደብዳቤ ላይ የአሞንዮስን ድካም በአክብሮት ካነሣ በኋላ የራሱን ዘዴ ያስረዳል። የእርሱ ዘዴ ጽሑፉን ከቦታው ፈጽሞ አይነቀንቅም። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ወንጌል ከሌሎቹ ጋር በሚገናኝበትና በሚለይበት ቦታ ላይ በክፍል በክፍል ከፈለው፤ ማቴዎስን በ355፣ ማርቆስን በ233፣ ሉቃስን በ342፣ ዮሐንስን በ232። የክፍሉን ተራ ቁጥር በኅዳጉ ላይ በጥቁር ቀለም ጻፈ። ከዚያ ቁጥር በታች ከ1 እስከ 10 ያለ ሌላ ቁጥር በቀይ ቀለም ጨመረ። ቀዩ ቁጥር አንባቢው በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ከሚገኙት ዐሥር ሠንጠረዦች ወደ የትኛው መሄድ እንዳለበት ይነግረዋል።

የሠንጠረዦቹ ድልድል በሥሌት የተሠራ ነው። 1ኛው ሠንጠረዥ አራቱም ወንጌላውያን የሚገናኙበትን ይይዛል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ሦስት ሦስት ሆነው የሚገናኙበት፣ ከ5ኛው እስከ 9ኛው ሁለት ሁለት ሆነው የሚገናኙበት ነው። 10ኛው እያንዳንዱ ለብቻው የጻፈውን ይዘረዝራል። ከአራት መጻሕፍት ሊገኙ ከሚችሉት ጥምረቶች መካከል ሁለቱ፣ ማለትም ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ ያለ ማቴዎስ፣ እንዲሁም ማርቆስና ዮሐንስ ብቻቸውን የሚቆሙባቸው፣ ሠንጠረዥ አልተበጀላቸውም።

አጠቃቀሙን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በማቴዎስ ወንጌል የቤተ መቅደሱን ታሪክ የሚያነብ ሰው በኅዳጉ ላይ 211 የሚል ጥቁር ቁጥርና ከሥሩ 1 የሚል ቀይ ቁጥር ያገኛል። ወደ 1ኛው ሠንጠረዥ ሄዶ በማቴዎስ ዐምድ 211ን ሲፈልግ፣ በዚያው መስመር ላይ ለማርቆስ 121፣ ለሉቃስ 238፣ ለዮሐንስ 21 ተጽፎ ያያል። ከዚያም በየመጻሕፍቱ እነዚህን ቁጥሮች ከኅዳጉ ፈልጎ ሦስቱን ምስክሮች ያነባል። ከማንኛውም ወንጌል ቢነሣ ወደ ሌሎቹ መድረስ ይችላል፤ መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬድ አይደለም።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሦስት ነገሮች ተለይተው ይታያሉ። እነርሱም ጽሑፉ፣ በጽሑፉ ጎን የተተከለው ምልክትና ምልክቱ የሚያመለክተው አድራሻ ናቸው። ጽሑፉ ሳይነካ ምልክቱን መጨመር፣ ምልክቱ ሳይለወጥ ጽሑፉን ወደ ሌላ ቋንቋ መተርጐም ተቻለ። ሥራውን የረዳው ሌላው ነገር የመጽሐፉ ቅርጽ ነው። በጥቅልል መጽሐፍ ከመጀመሪያው ወደ መካከሉ፣ ከመካከሉም ወደ መጀመሪያው መመላለስ አድካሚ ነው። ክርስቲያኖች የመረጡት ቅጠል ያለው፣ በጣት የሚገለጥ መጽሐፍ ግን ለዚህ ዓይነቱ መመላለስ የተመቸ ነበር። ቀኖና የሚለው የግሪክ ቃል በመነሻው የሚለካበትን በትር እንደሚያመለክት ሲታሰብ፣ ሠንጠረዦቹ በዚህ ስም መጠራታቸው ተገቢ ሆኖ ይገኛል።

ጵጵስናውና የጉባኤዎቹ ዘመን

አውሳብዮስ የቂሣርያ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ የተሾመው ስደቱ ባበቃበት ሰሞን፣ በ313 ገደማ ነው። ብዙ ሳይቆይ የአርዮስ ክርክር ተነሣ። በ325 መጀመሪያ በአንጾኪያ የተሰበሰበው ጉባኤ አርዮስን ይደግፋል ብሎ ለጊዜው ከኅብረት አገደው። በዚያው ዓመት በኒቅያ በተሰበሰበው ታላቅ ጉባኤ ላይ የቤተ ክርስቲያኑን የሃይማኖት መግለጫ አቅርቦ እግዱ ተነሣለት። ጉባኤው ባጸደቀው የሃይማኖት ጸሎትም ላይ ካመነታ በኋላ ፈረመ፤ ለምን እንደ ፈረመም ለቂሣርያ ምእመናን በደብዳቤ አስረዳ።

ከዚህ በኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ ከቆስጠንጢኖስ ጋር የነበረው ግንኙነት እየጠበቀ ሄደ። የአንጾኪያን መንበር እንዲይዝ ሲታጭ እምቢ ብሎ በቂሣርያ ቀረ። በ331 ገደማ ቆስጠንጢኖስ ለአዲሲቱ መናገሻ ከተማው አብያተ ክርስቲያናት የሚሆኑ 50 ቅዱሳት መጻሕፍት በጥሩ ብራና፣ ለንባብ በሚያመች ጽሕፈት፣ በሠለጠኑ ጸሐፊዎች እንዲዘጋጁለት አዘዘው፤ ለማጓጓዣም ሁለት የመንግሥት ሠረገላዎች ፈቀደለት። ትእዛዙ ለቂሣርያ መሰጠቱ በከተማይቱ የተደራጀ የመጻሕፍት ሥራ እንደ ነበረ ያመለክታል። በ335 በጢሮስ በአትናቴዎስ ላይ ከፈረዱት ወገኖች ጋር ተሰለፈ። በ336 በንጉሡ 30ኛ ዓመት በዓል ላይ በቁስጥንጥንያ የምስጋና ንግግር አደረገ። ቆስጠንጢኖስ በ337 ሲሞት የሕይወት ታሪኩን መጻፍ ጀመረ፤ ይህም መጽሐፍ ሳይጠናቀቅ አውሳብዮስ በ339 ገደማ አረፈ።

ከቂሣርያ ወደ አክሱም

የአውሳብዮስ ሠንጠረዦች ከእርሱ በላይ ተጓዙ። ሄሮኒሞስ የላቲኑን ወንጌል ባረመ ጊዜ፣ በ384፣ ሠንጠረዦቹን ከትርጉሙ ጋር አያይዞ አጠቃቀማቸውን ለጳጳሱ ለደማስዮስ ጻፈ። ወደ ሶርያ፣ ወደ አርመንና ወደ ጆርጂያ ቋንቋዎችም ተሻገሩ። በአክሱም ዘመን ወንጌል ወደ ግዕዝ ሲተረጐም ለቀርጵያኖስ የተጻፈው ደብዳቤና ሠንጠረዦቹ አብረው ገቡ። የግዕዝ አኃዝ ራሱ ከግሪክ አኃዝ የተገኘ በመሆኑ የቁጥሮቹ መሻገር አልከበደም። ወንጌሎቹን አባ ገሪማ በአንድ ቀን እንደ ጻፏቸው፣ ጽፈው እስኪጨርሱም ፀሐይ እንደ ዘገየችላቸው በገዳሙ ትውፊት ይነገራል። ከእነርሱ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት የተጻፉት የኢትዮጵያ ወንጌሎችም ይህንኑ ልማድ ሳይለቁ ቀጠሉ።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። ፍሬምናጦስን ለአክሱም የሾመው አትናቴዎስ ነው። በጢሮስ በአትናቴዎስ ላይ ከተነሡት አንዱ አውሳብዮስ ነው። የአትናቴዎስን እምነት የተቀበለችው የአክሱም ቤተ ክርስቲያን ግን የአውሳብዮስን ሠንጠረዦች በወንጌሏ ራስጌ አስቀመጠች። የሰውየው አቋም ቢያነጋግርም መሣሪያው ጠቃሚ ሆኖ ተገኘ፤ መሣሪያነቱም ከጠቡ በላይ ዕድሜ አገኘ።

ሁሉም ቅጂ ግን በእኩል አልታደለም። በ800 ገደማ የተዘጋጀውና በአየርላንድ የሚገኘው የኬልስ መጽሐፍ በዓለም ከታወቁት ያጌጡ ወንጌሎች አንዱ ነው። ሠንጠረዦቹ በአስደናቂ ጥበብ ተሥለውበታል። ነገር ግን በወንጌሎቹ ኅዳግ ላይ ሊጻፉ የሚገባቸው የክፍል ቁጥሮች ተትተዋል። ስለዚህ ሠንጠረዡ ይጠራል፣ የሚሰማው ግን የለም። ያስገለበጠው ሰው የሠንጠረዡን መልክ ወደደ፤ ሥራውን ግን ረሳ።

ለቂሣርያ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የገጠማት ከዚህ የተለየ ነበር። በፓፒረስ የተጻፉት የኦሪጎንና የጳምፊሎስ መጻሕፍት እያረጁ ሲሄዱ፣ የአውሳብዮስ ተተኪ የሆነው አካክዮስና ከእርሱ በኋላ የተሾመው አውዞዮስ ወደ ብራና አስገልብጠዋቸዋል። እነዚህ ሰዎች ጽሑፍ ከአንድ ማኅደር ወደ ሌላ ማኅደር ካልተሸጋገረ እንደሚሞት ተረድተው ነበር።

በአሁኑ ዘመን ሰነዶች

ከብራና ወደ ኮምፒዩተር ሰነድ መሸጋገር ሩቅ ቢመስልም፣ አውሳብዮስ የገጠመው ጥያቄ በየመሥሪያ ቤቱ በየዕለቱ ይነሣል። በደቡብ አዲስ አበባ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጎፋ እስከ ለቡ ባለው አካባቢ አንድ የሕንፃ ንድፍ ዘገባ ሲዘጋጅ፣ ዘገባው ከአዘጋጁ ጠረጴዛ ወደ አሠሪው፣ ከአሠሪው ወደ ተቆጣጣሪው የሚሄደው በፒዲኤፍ መልክ ነው። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ራሱ በቀደመው አማርኛ ያለ ሽቦ የሚላከውን መልእክት የሚያመለክት ነውና፣ ሰነዶቹ በኢንተርኔት መሄዳቸው ለሰፈሩ ስም እንግዳ አይደለም።

ፒዲኤፍ የተባለውን ቅርጽ አዶቢ የተባለው ኩባንያ በ1993 አወጣው፤ በ2008 ደግሞ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። በዚህ ቅርጽ ውስጥ ሊንክ የጽሑፉ አካል አይደለም። በገጹ ላይ ልኩ በተወሰነ ቦታ የሚነጠፍ፣ በዓይን የማይታይ አራት ማዕዘን ነው። ማዕዘኑ የሚለካው ከገጹ ታችኛ ግራ ጥግ ተነሥቶ በኢንች 72ኛ ክፋይ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር የሚከፈተው አድራሻ ተያይዞ ይቀመጣል። ጽሑፉ፣ ምልክቱና አድራሻው ልክ በቂሣርያ እንደ ነበረው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቃሉን ሰማያዊ ቀለም መቀባትና ከሥሩ ማስመር ሊንክ አያደርገውም። ቀለሙ የኬልስ ሠንጠረዥ ነው፤ ማዕዘኑ ደግሞ የኅዳጉ ቁጥር ነው።

በዚህ ምክንያት ሰነዱ ወደ ፒዲኤፍ የሚለወጥበት መንገድ ውጤቱን ይወስነዋል። በማይክሮሶፍት ወርድ የተዘጋጀ ጽሑፍ በፕሪንት ትእዛዝ ወደ ፒዲኤፍ ሲላክ፣ ፕሮግራሙ ሰነዱን ለማተሚያ መሣሪያ እንደሚልክ አድርጎ የሚታየውን ፊደልና መስመር ብቻ ያስተላልፋል። ወረቀት ላይ የሚነካ ነገር ስለሌለ ሊንኮቹ በመንገድ ይቀራሉ። ያው ሰነድ በኤክስፖርት ወይም በፒዲኤፍ መልክ በማስቀመጥ ትእዛዝ ሲለወጥ ግን አድራሻዎቹ አብረው ይሻገራሉ። አውቶካድም ንድፍ ወደ ፒዲኤፍ ሲያወጣ ሊንኮቹን የመጨመር ምርጫ አለው። ሁለቱ ሰነዶች ለዓይን አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው ሲነኩ ብቻ ነው።

ሌላም የሚያታልል ነገር አለ። አንዳንድ የፒዲኤፍ ማንበቢያ ፕሮግራሞች የድረ ገጽ አድራሻ የሚመስል ጽሑፍ ሲያገኙ በራሳቸው ግምት ሊንክ ያደርጉታል። አዘጋጁ በራሱ ኮምፒዩተር ሲሞክረው ይሠራለታል፤ በሌላው ሰው ማንበቢያ ግን ላይሠራ ይችላል። አድራሻው ረዝሞ በሁለት መስመር ከተሰበረም ግምቱ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ይዞ አንባቢውን ወደሌለ ገጽ ይወስደዋል።

ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ የሕንፃ ንድፍ መመዘኛዎች በ1995 ወጥተው በ2015 በአዲስ ተተክተዋል። አንድ የንድፍ ዘገባ መመዘኛውን በሊንክ ብቻ አመልክቶ ዓመቱን ሳይጽፍ ቢቀር፣ ሊንኩም በማሸጋገር ጊዜ ቢጠፋ ወይም ድረ ገጹ ቢዘጋ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ሕንፃውን የሚመረምር መሐንዲስ ምሰሶው በየትኛው መመዘኛ እንደ ተሠላ የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም። በዚያን ጊዜ የሚጎድለው አንድ ሰማያዊ መስመር ሳይሆን ሕንፃው የቆመበት ማስረጃ ነው።

የአውሳብዮስ ሠንጠረዦች ከ1,600 ዓመት በላይ የሠሩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ምልክቱም አድራሻውም በዓይን የሚታዩ ሆነው በራሱ በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ተጻፉ ነው። ሁለተኛ፣ አጠቃቀሙን የሚያስረዳው ደብዳቤ ከሠንጠረዡ ሳይለይ ስለ ተጓዘ፣ እያንዳንዱ ጸሐፊ የሚገለብጠው ነገር ምን እንደ ሆነ ሊያውቅ ይችል ነበር። ለዛሬው ሰነድ አዘጋጅም ከዚህ የሚወጣው ደንብ ግልጽ ነው። ሊንኩን በሚያሻግር ትእዛዝ መጠቀም፣ ከመላክ በፊት የወጣውን ፒዲኤፍ ከፍቶ እያንዳንዱን ሊንክ መሞከር፣ የመጽሐፉን ወይም የመመዘኛውን ስም፣ ዓመትና ገጽ በሚነበብ ፊደል በሰነዱ ውስጥ መጻፍ፣ ዋና ዋና ማስረጃዎችን ደግሞ በድረ ገጽ ላይ ብቻ ሳይተዉ ከዘገባው ጋር በአባሪነት ማያያዝ ነው።

በቂሣርያ መጻሕፍት ሲቃጠሉ ያየው አውሳብዮስ ጽሑፍ ያለ ጠባቂ እንደማይቆይ ያውቅ ነበር። ማመላከቻም እንደ ጽሑፉ ሁሉ ጠባቂ ይሻል፤ ጠባቂውም የሚገለብጠው ሰው ነው።